ደራሲውን አስርቦ መጽሐፉን ማንበብ

አዲስ መጽሐፍ ወጣ ሲባል በአሁኑ ጊዜ ከአንባቢው አፍ ቀድማ የምትወጣ ጥያቄ አለች፤ «ፒዲኤፉ አለህ?» የምትል። «ማን ጻፈው? ምን ይላል?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ጠያቂው ሌባ አይመስለውም። እንዲያውም መጽሐፍ ወዳድ፣ የሠለጠነ ሰው ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ላኪውም ዕውቀት ያካፈለ እንጂ ሰው ኪስ የገባ አይመስለውም። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ሌባ ሌብነቱን ካወቀ ቢያንስ ይደበቃል፤ የእኛው ግን «ሼር አድርጉ» ብሎ ያውጃል!

እንደሚታወቀው በአገራችን አብዛኛው ደራሲ ደህና አሳታሚ የለውም። ዓመታት የደከመበትን ጽሑፍ ብብቱ ሥር ይዞ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይንከራተታል። ወረቀት ተወደደ ይሉታል። ከዘመድ ተበድሮ፣ ካለችው ቆርሶ ቀብድ ይከፍላል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሳል፤ የቀረችው ገንዘብ የምትመጣው ከሽያጭ በኋላ ነው፤ እሷም በስንት ምልልስ። እንግዲህ አንዱ ጮሌ ገጹን በስልክ ካሜራ እያነሳ በቴሌግራም ሲበትነው የሚነጥቀው ትርፍ አይደለም። ትርፍማ ገና ምኑ ተይዞ! ዕዳ መክፈያውን ነው። ሌላው ጮሌ ደግሞ አስመስሎ ያባዛና አስፋልት ዳር ይዘረጋዋል። ገዢው ከፍሏል፤ ለደራሲው ግን ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም።

«የምገዛበት የለኝም» የሚል ይኖራል። ኑሮው እንዴት እንደሆነ እኛም እዚሁ ስላለን ይህን አናቃልልም። ግን ድሃ አንባቢ ድሮም ነበር፤ መጽሐፍ ይከራይ ነበር፤ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም የተከራያትን ጋዜጣ ያነብ ነበር። (ጋዜጣ አሳታሚዎች ማጉረምረማቸው አልቀረም።) ያቺ ጋዜጣ ግን ቢያንስ አንዴ ተገዝታለች፤ አንዱ ሲይዛትም ሌላው ተራ ይጠብቃል። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ተማሪ አገር ውስጥ የትም የማይሸጥ የውጭ መማሪያ ፎቶ ኮፒ ቢያስነሳም ፍርዳችን አይጠነክርበትም። አዋጁ ራሱ ለግል ጥቅም የሚደረግን አንድ ቅጂ በገደብ ይታገሳል። ደግሞስ የለኝም የሚለው ሁሉ የሌለው ነው እንዴ? ፒዲኤፉን ያወረደበት ዳታ ተከፍሎበታል። ስልክ ሻጩ ተከፍሎታል፤ አጠገቡ ያለው ማኪያቶም ተከፍሎበታል። በዚህ ሁሉ መሐል የማይከፈለው ጸሐፊው ብቻ ነው።

«ኦሮማይንስ እንዴት አነበብነው?» ብለው የሚሟገቱን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ታትሞ ገና ሳይጠገብ ከገበያ ተለቅሞ ታገደ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው መጽሐፉን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። ያን ጊዜ ቅጂ ያዞረ ሰው የደራሲውን ገበያ አልዘጋም፤ የዘጋው መንግሥት ነው። በእጁ መገኘቱም ለራሱ አደጋ ነበረው። ዛሬ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ፣ መደብሩ በሩን ከፍቶ እያለ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ፒዲኤፍ የሚበትን ሰው በየትኛው ጀግንነቱ ነው ከእነዚያ ጋር የሚሰለፈው?

አባቶቻችን መጽሐፍ መገልበጥን እንደ በጎ ሥራ ይቆጥሩት ነበር የሚልም ሰምተናል። እውነት ነው። ግን ቁም ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ፣ ብራናው ላይ ለወራት ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ የሚያስጽፈው ሰው ይከፍለው ነበር። በመጽሐፉም ላይ የሰረቀው፣ የፋቀው ውጉዝ ይሁን የሚል ቃል ይሰፍርበት ነበር። የዘንድሮ ገልባጮች የሚደክሙት በአውራ ጣታቸው ብቻ ነው፤ ጭራሽ የቻናላቸውን ስም በየገጹ ያትሙበታል።

ለመሆኑ ሕግ የለም? ሞልቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ደግሞ መብቱን አውቆ በጣሰ ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀመጠ። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ወረቀት አላነሰንም። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ጋዜጠኛ ለመክሰስና ለማሰር እንዴት እንደ ፈጠነ እናስታውሳለን። ጸሐፊ በጻፈው ቃል ሲፈለግ ፖሊስ በሌሊት ደጁን ያንኳኳል፤ የጸሐፊ ንብረት ሲዘረፍ ግን «ማመልከቻ አስገባ» ነው መልሱ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሹም ራሱ ስልኩ ውስጥ ስንት ፒዲኤፍ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

መንግሥት ተኛ ብሎ ግን አንባቢው ነጻ አይወጣም። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ የአማርኛ መጽሐፍ እንደ ልብ እንደማይገኝ እናውቃለን። በርበሬና ሽሮ ግን በዘመድ ሻንጣ ይደርሳል፤ አንድ መጽሐፍ ከሽሮው ጎን ቢሻጥ ኪሎ አይሞላም። አገር ቤት ያለውም በነጻ አንብቦ ከወደደው ዛሬም ወጥቶ አንድ ቅጂ መግዛት ይችላል። የሚሸጡት አሉ፤ ለገሃርም ብሔራዊ ቲያትር አካባቢም ናቸው። ደራሲያኑም ቢሆኑ መጽሐፋቸውን በስልክ በሚነበብ መልክ፣ በቅናሽ፣ በቴሌብር እየተከፈላቸው የሚሸጡበትን መንገድ ቶሎ ይፈልጉ። ገበያውን እነሱ ካልያዙት የያዘው ሰው አለ፤ የተሰረቀውን መጽሐፍ ከለጠፈ በኋላ ከሥሩ «ማስታወቂያ ለማሠራት በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ ይጽፋል።