የአፕቲትዩድ ፈተና፤ ተሰጥዎ ነው ወይስ ልምምድ?

የምረቃው ወራት በቀረበ ቁጥር በግቢያችን ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይበዛል። ይኸውም ስለ መቀጠሪያ ፈተና የሚወራው ነው። የትኛው ባንክ ማስታወቂያ አወጣ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ሰው ጠራ፣ ፈተናው ላይ ምን መጣ እየተባለ በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ይነገራል። የአሮጌ ጥያቄዎች ቅጂም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣል፤ በኅዳጉ ላይ «አቋራጭ» የሚባሉ ፎርሙላዎች በእጅ ተጽፈው ይገኛሉ። ተማሪውም እነዚህን ፎርሙላዎች እንደ ዳዊት ሌሊት ከቀን ይደግማል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ «አፕቲትዩድ ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ፎርሙላውን የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ ይወድቃል» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ እላለሁ። የቁጥር እንቆቅልሽ መፍታት እንደ ማንኛውም ሙያ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ነው፤ ትምህርቱም ፎርሙላ መሸምደድ ሳይሆን ጥያቄው የሚጠይቀውን መረዳት ነው። ይህንንም በነጻ ልንማማረው ስንችል በገንዘብ መግዛታችን ለማኅበራችን የሚያኮራ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። በ1905 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ቢኔ የተባለው ፈረንሳዊ ከባልደረባው ከሲሞን ጋር የአእምሮ መለኪያ ባዘጋጀ ጊዜ ዓላማው በትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ለመርዳት ነበር። የአእምሮ ችሎታ በትምህርት ሊዳብር አይችልም የሚሉትንም ሰዎች አጥብቆ ተቃውሟል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካርል ብሪገም የተባለው ምሁር በ1923 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ጦር ሠራዊት የፈተና ውጤት ይዞ፣ አንዳንድ ዘሮች በተፈጥሮ ከሌሎች ያንሳሉ የሚል መጽሐፍ ጻፈ። በ1926 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን «ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ቴስት» የተባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በመሪነት ያዘጋጀውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው በ1930 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን መደምደሚያውን መሠረት የሌለው ነው ሲል ራሱ ሻረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የፈተናው ባለቤት የሆነው ድርጅት «አፕቲትዩድ» የሚለውን ቃል ከፈተናው ስም አወጣ። እንግዲህ የቃሉ ፈጣሪዎች የተዉትን እምነት እኛ ምን አስጨንቆን እንሸከመዋለን?

እንዲህ ያለው የቁጥር ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖርም የባሕረ ሐሳብን ሊቃውንት ይጠይቅ። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ከዚያም አንድ ሲነሣ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ምስክር ነው። በመቀጠሪያ ፈተና ላይ «ዛሬ ሰኞ ቢሆን ከ100 ቀን በኋላ ዕለቱ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። 100 ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ከሰኞ ሁለት ቀን ሲቈጠር ረቡዕ ነው። ታዲያ መሪጌታው አበቅቴን ከማኅፀን ይዞት ወጣ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተማረው እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ አቋራጩ እንመለስ። የታወቀው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ አንድ ገበሬ ማሳውን ብቻውን በ12 ቀን ያጭዳል፤ ጎረቤቱ ብቻውን ቢሆን በ6 ቀን ይጨርሰዋል፤ ሁለቱ አብረው ቢያጭዱ በስንት ቀን ያልቃል? የአቋራጩ ባለቤት ሁለቱን ቁጥሮች ያባዛል፣ ለድምራቸውም ያካፍላል፤ 72 ለ18 ሲካፈል 4 ቀን ይወጣለታል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ፈታኙ ጥቂት ነገር ለውጦ፣ «የመጀመሪያው ገበሬ ሦስት ቀን ብቻውን ካጨደ በኋላ ጎረቤቱ ቢደርስለት ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ይፈጃል?» ቢለው አቋራጩ ሜዳ ላይ ይጥለዋል። የተረዳው ተማሪ ግን አይደነግጥም። የመጀመሪያው ሰው በቀን የማሳውን አንድ አሥራ ሁለተኛ ያጭዳል፤ በሦስት ቀን ሩቡን ጨረሰ፤ ሦስት ሩብ ቀረ። ሁለተኛው በቀን አንድ ስድስተኛ ስለሚያጭድ ሁለቱ ባንድነት በቀን ሩቡን ይሠራሉ። ስለዚህ የቀረው በ3 ቀን ያልቃል። እዚህ ላይ ምንም ፎርሙላ የለም፤ በደቦ ላይ የዋለ ሰው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው።

ሌሎቹም ጥያቄዎች ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። አንድ መኪና 120 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 60 ሄዶ በሰዓት 40 ቢመለስ አማካይ ፍጥነቱ 50 ይመስላል። ነገር ግን ለመሄድ 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 3 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል 48 ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ቦታው የተመለሰ ይመስላል፤ ነገር ግን 100 ብር የነበረው 120 ከሆነ በኋላ የሚቀነሰው የ120ው 20 በመቶ፣ ማለትም 24 ብር ስለሆነ ዋጋው 96 ብር ላይ ያርፋል። በሁለቱም ዘንድ የሚያድነው «ከምን ላይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ፍጥነቱ የሚካፈለው ለምን ላይ ነው? በመቶኛው የሚታሰበው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? ይህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ የጥያቄው ልብስ ቢለወጥም ሰውነቱን ያውቀዋል።

አዋቂ የተባለውንም ሰው የሚጥለው ችኮላ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ባንድነት 110 ብር ያወጣሉ፤ ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል፤ እስክሪብቶው ስንት ነው? ምላስ ቀድሞ «10» ይላል። 10 ቢሆን ግን ደብተሩ 110፣ ድምሩም 120 በሆነ ነበር፤ ትክክለኛው 5 ብር ነው። ሼን ፍሬድሪክ የተባለ ተመራማሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰሉ ሦስት ጥያቄዎች ለብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች አቅርቦ ያገኘውን ውጤት አሳትሟል። እጅግ በታወቀው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንኳ ሦስቱንም ያገኙት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለባሕር ማዶውም ሰው ይሠራል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሰጥ ግን ማን ቁጭ ብሎ ያስባል?» የሚለኝ አይጠፋም። ክርክሩ ውሃ የሚያነሣ ነው። ጊዜው አጭር መሆኑን አልክድም። ሆኖም ፍጥነት የሚመጣው ከመረዳት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ስለ ማሳው በቀረበው በመጀመሪያው ጥያቄ ምርጫዎቹ 9፣ 6፣ 4 እና 2 ቢሆኑ እርሳስ ሳያነሡ መልሱን ማግኘት ይቻላል። ጎረቤቱ ብቻውን በ6 ቀን የሚጨርሰውን ሥራ ረዳት ሲያገኝ ከ6 ቀን ባነሰ ጊዜ መጨረሱ የታወቀ ነው። ረዳቱ ግን ከርሱ የዘገየ ስለሆነ ከ3 ቀን በታች ሊወርድ አይችልም። የቀረው 4 ብቻ ነው። ይህ ከሁሉም የፈጠነ አቋራጭ ነው፤ ነገር ግን ከሸመደደ ሳይሆን ካሰበ ሰው የሚወጣ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሒሳብ ፍቅር ብቻ አይደለም። አንድ የክፍል ጓደኛችን፣ የሒሳብ መምህር በቅጡ ሳይኖረው ከገጠር ትምህርት ቤት ተምሮ እዚህ የደረሰ ብርቱ ልጅ፣ ከአንድ የመቀጠሪያ ፈተና ወድቆ ሲመለስ፣ «የኔ ጭንቅላት ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ነገረኝ። ዳግመኛም ለመሞከር አልፈለገም። ከጎኑ ተቀምጦ የተፈተነው ሌላው ልጅ ግን በከተማ የማጠናከሪያ ትምህርት ተከፍሎለት እነዚያኑ ጥያቄዎች መቶ ጊዜ አይቷቸዋል። ውጤቱ ሲለጠፍ የሁለቱ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ተብሎ አይነበብም፤ የተፈጥሮ ልዩነት ተብሎ ይነበባል እንጂ። የእንጀራ በር የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚህ ንባብ ነው። ልጁን የጎዳው መውደቁ ሳይሆን መውደቁን የተፈጥሮው ፍርድ አድርጎ መቀበሉ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ያስፈቅድና እንቆቅልሽ የምንፈታበት ጉባኤ ይቋቋም። ሕጉም አንድ ይሁን፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ተማሪ መልሱን ሳይሆን የመጣበትን መንገድ ያስረዳ፤ ያልገባውም ሳያፍር ይጠይቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሁለተኛ፣ ክቡራን መምህራኖቻችን በወር አንድ ጊዜ ብቅ እያሉ እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን። በፈተናቸውም ላይ ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለአካሄዱ ነጥብ ቢሰጡ ሽምደዳው ራሱ ገበያ ያጣል። ሦስተኛ፣ ይህ ጋዜጣችን በየዕትሙ አንድ ጥያቄ እያወጣ በሚቀጥለው ዕትም ከነአፈታቱ ያትም። የገዛነውን ቅጂ ደብቀን የምናነብበት ዘመን በዚህ ያበቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሆን እኔው አቀርባለሁ፤ በአንድ የማኅበር ስብሰባ ላይ የተገኙት ሁሉ እርስ በርሳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተጨባበጡ፤ መጨባበጡ በጠቅላላው 66 ጊዜ ቢሆን ስንት ሰዎች ነበሩ? መልሱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱ አይታይለትም። ያሰበበትን መንገድ ግን፣ ቢሳሳትም እንኳ፣ ጽፎ ያመጣውን ቅዳሜ ዕለት ሰሌዳው ፊት እንጠብቀዋለን።