ሆስፒታሉ ቆሞ ሕክምናው ቢወድቅስ?

ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወደ ሜዳ ይሮጣል፤ የተጎዳውም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። አስቀድሞ በሆስፒታል የተኛው ሕመምተኛስ ወዴት ይሮጣል?

«ይህ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች እንጂ ለደባርቅና ለዳባት ምን ያገባዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያጠፋው፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ ተነሥቶ አዲስ አበባን የነቀነቀው፣ ሁሉም በስምጥ ሸለቆውና በዳርቻው የተነሣ ነው። ነገር ግን ርቀት ዋስትና አይደለም፤ የጎንደርን የኢያሱ ቤተ መንግሥትም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው ይነገራል። ደግሞም ከአምቢኮ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አልፎ ደባርቅ የደረሰ ሕመምተኛ፣ እዚያ ያለው ሆስፒታል ቢዘጋበት፣ እስከ ጎንደሩ ትልቅ ሆስፒታል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

ታዲያ የሆስፒታል ጽናት በምን ይለካል? የዓለም ጤና ድርጅት ከአሜሪካ አህጉር የጤና ድርጅት ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ ሦስት ነገር ይመረምራል፤ ሕንፃውን የተሸከሙትን መሠረትና ምሰሶዎች፣ በውስጡ ያለውን ዕቃ ከውሃና ከመብራት መስመሩ ጋር፣ እንዲሁም የሠራተኛውን ዝግጅት።

ሦስቱም ለምን እንደሚያስፈልጉ የሎስ አንጀለሱ ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ያስረዳናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ገና አዲስ ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች። የታችኛው ፎቅ ምሰሶዎች የላይኛውን ክብደት መቋቋም አቃታቸው፤ ሕንፃው አዘመመ፤ የደረጃ ማማዎቹም ተገንጥለው ወደቁ። ከሞቱት ሦስት ሰዎች ሁለቱ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕመምተኞች ነበሩ፤ የገደላቸውም የወደቀ ግንብ ሳይሆን የመብራት መቋረጥ ነው። ሕንፃው በብረትና በኮንክሪት ጠንክሮ እንደገና ተሠራ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግድግዳው ጸና፤ ዳሩ ግን የውሃ ቧንቧዎች ፈንድተው ሕመምተኞቹን ማዛወር ግድ ሆነ። ሕንፃው ቆመ፤ ሕክምናው ግን ተቋረጠ።

እንግዲህ ምሰሶውን መሐንዲስ ይመርምረው። አገራችን በ1987 ዓ.ም. ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሕንፃ ደንብ አውጥታለችና፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ቀድመው ሊታዩ ይገባል። የቀረውን ግን ማንም ዓይን ያለው ሊያየው ይችላል። የመድኃኒቱ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ታስሯልን? የኦክስጅኑ ሲሊንደር ሰንሰለት አለውን? ጄኔሬተሩ በብሎን ተቸንክሯልን? የውሃው ሮቶ የቆመበት ማማ ጽኑ ነውን? መተላለፊያው በአሮጌ አልጋ አልተዘጋምን?

በየመሥሪያ ቤቱ የግዥ ወረቀት የምታዘጋጁ ወጣቶች፤ የጥቂት ሜትር ሰንሰለትና የጥቂት ብሎን ጥያቄ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። «ለሚመጣው በጀት ይቆይ» ብላችሁ አታሳድሩት፤ ምድር የበጀት ዓመት አትጠብቅምና።