ሳያንኳኳ የሚገባ ድምፅ

 

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከመግሪብ ሶላት በኋላ እዚህ ግምጃ ቤት ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። «ኡስታዝ፣ ልጄ ላይ ቁርኣን ይቅሩልኝ» አሉን። ምን እንዳገኘው ስንጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌሊት ሌሊት ብቻውን ያወራል። ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ‹ከኋላህ ነው፣ ሽሽ!› እያለ ይጮኻል። በሩን ከፍቼ ስገባ ከእሱ በቀር ማንም የለም» አሉ።

በማግስቱ ማታ ሄድን። ልጁ ቀን በትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምረው የአሥራ አምስት ዓመት ወጣት ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ፒኤስ 4 የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ተቀምጧል፤ ልጁም ቀጭን ሽቦ ያላት ማዳመጫ በአንድ ጆሮው ሰክቷል። ጂንም አልነበረም፣ በሽታም አልነበረም። ሲያወራ የነበረው ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ሪያድ ከሄደውና መሣሪያውን በሰው እጅ ከላከለት ታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። እናትየው ይህን ለማመን ተቸገሩ። ልጁ ማዳመጫውን ሲነቅለው ግን፣ «ምነው ዝም አልክ?» የሚለውን የበኩር ልጃቸውን ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሰሙ። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛ ድምፅ ተሰማ። በእንግሊዝኛ የሚናገር ጎልማሳ ነው። ልጁን በስንት ዓመት እንደሚገኝ ጠየቀው፤ መልስ ሲያጣ ለመጻፍ የሚያሳፍር ስድብ አዘነበ። አባትየው ቋንቋውን ባያውቁም ቃናውን ለይተውታል። «ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ። ልጁም፣ «አላውቀውም አባዬ፤ ዝም ብሎ የሚገባ ነው» ሲል መለሰ።

«ቤቴ ውስጥ ዝም ብሎ የሚገባ ሰው! ነገውኑ ባሕር ዳር ወስጄ እሸጠዋለሁ» ብለው አባትየው ተነሱ። እኛም አንድ ሳምንት እንዲታገሡን ለመንናቸው።

ለመሆኑ ይህ ድምፅ ከየት መጣ?

በከተማችንም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ ወጣቶች ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ቤት መዋል ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚያ ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ይሳደባሉም። ይሁን እንጂ የሚሳደበው ልጅ ስም አለው፤ አባቱ ይታወቃል። የቤቱ ባለቤትም፣ «አንተ የእገሌ ልጅ፣ አፍህን ያዝ!» ይለዋል። ነገ በገበያ የሚገናኝ ሰው ዛሬ አፉን በመጠኑም ቢሆን ይቆጥባል።

በሩቅ አገር ከሚገኝ ሰው ጋር እየተጫወቱ በድምፅ መነጋገር በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ ሶኮም የተባለ የጦርነት ጨዋታ ከማዳመጫ ጋር ተሸጠ። በኅዳር ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር በጥቅሉ ውስጥ ማዳመጫ ጨመረ። ዓላማው ወዳጅን ከወዳጅ ማገናኘት ነበር። ሆኖም ጨዋታው ቡድን ለመሙላት የማይተዋወቁ ሰዎችን ስለሚያሰባስብ፣ ስምና አባት የሌለው ድምፅም አብሮ ገባ።

እስልምና በዚህ ጉዳይ ላይ ያስተማረን አደብ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ መግባትን ከልክሏል። ጃቢር (ረ.ዐ.) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በር ባንኳኳ ጊዜ ማንነቱን ቢጠይቁት «እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ስሙን ባለመናገሩ አልወደዱለትም። በር ላይ የቆመ ሰው ስሙን መናገር ካለበት፣ በልጃችን ጆሮ የሚገባውስ?

አራቱ መንገዶች

በሳምንቱ ውስጥ ከልጁ ጋር ተቀምጠን መሣሪያውን መረመርን። መምህር ቢሆኑም ከተማሪ መማር ነውር አይደለምና፣ ያወቅነውን እነሆ።

የመጀመሪያው መንገድ የጨዋታው የራሱ የድምፅ መስመር ነው። ወንድማማቾቹ የሚጫወቱት ፎርትናይት የተባለውን ሲሆን፣ እነርሱ ሁለት ሆነው አራት ሰው ወዳለበት ቡድን ሲገቡ የቀረውን ቦታ ጨዋታው በማያውቋቸው ሰዎች ይሞላዋል። ያ ጎልማሳ የገባው በዚህ በኩል ነው። በጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ግን ድምፅን «ጓደኞች ብቻ» ወይም «ማንም አይሁን» ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ፓርቲ የሚባለው ነው። ይህ በመሣሪያው እንጂ በጨዋታው የተሠራ አይደለም። አንዱ ይከፍተዋል፤ የጠራው ሰው ብቻ እንዲገባ ማድረግም ይችላል። ሁለቱ የተለያየ ጨዋታ ቢጫወቱ እንኳ ወሬያቸው አይቋረጥም። በፕሌይስቴሽን ለዚህ ክፍያ አይጠየቅም። ለቤተሰብ የሚስማማው ይህ ነው።

ሦስተኛው ከመሣሪያው ውጭ ነው። ስልክን አጠገብ አስቀምጦ በኢሞ ወይም በቴሌግራም እየደወሉ መጫወት ነው። እናትም አባትም የሚያውቁት መንገድ ስለሆነ ለጀማሪ ቤተሰብ ይቀላል።

አራተኛው ማይኩን ፈጽሞ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ማይክ በመጫወቻው እጀታ ላይ ስላለው ያለ ማዳመጫም ይሰማል፤ መዝጊያ ቁልፉም እዚያው ነው። እዚህ ላይ ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ክፍት ማይክ ድምፅን ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ያወጣል። የእናት ጭቅጭቅ፣ የእህት ወሬ፣ የቤት ምስጢር ሁሉ ለማይታወቅ ሰው ይደርሳል።

ኒንቴንዶም የራሱን መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ስዊች ድምፅን በስልክ መተግበሪያ በኩል ያስተላልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ስዊች 2 ግን ማይክ በውስጡ አለው፤ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅም በድምፅ መነጋገሪያው ለመጠቀም ወላጅ በስልኩ ሊፈቅድለት ይገባል።

ስለ ዳታ ለሚጨነቁ ወላጆችም አንድ ቃል እንበል። ልጁ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከአባቱ ስልክ በሆትስፖት ነው። ፓኬጁን የሚጨርሰው ወሬው አይደለም፤ ድምፅ በሰዓት የሚወስደው በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። የሚበላው በጊጋባይት የሚመጣው የጨዋታው ማሻሻያ ነው።

ትንሿ ውሸት

ለልጆች የተበጀ መቆለፊያ ካለ፣ በዚህ ልጅ ላይ ለምን አልሠራም? ምክንያቱን ያገኘነው በአካውንቱ ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ወንድምየው አካውንቱን የከፈተለት በሚኖርበት በሳውዲ አረቢያ ነው። ሲመዘግበውም «ብዙ ጥያቄ እንዳይበዛበት» ብሎ የልጁን ዕድሜ ከፍ አድርጎ ጻፈው። መሣሪያው የሚያውቀው ትልቅ ሰው መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የልጆች መቆለፊያ አልተዘጋበትም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን የልጆችን ግላዊ መረጃ ሕግ ጥሷል በማለት ከከሰሰው በኋላ 275 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ድርጅቱም የልጆችንና የወጣቶችን የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያ ከመነሻው ዝግ እንዲያደርግ ተገድዷል። በዚህ ሁሉ ክርክር የተገኘው ጥበቃ በተዋሸ የልደት ዓመት ይፈርሳል።

መፍትሔው አዲስ የልጅ አካውንት በትክክለኛው ዕድሜ ከፍቶ በወንድሙ የቤተሰብ አስተዳዳሪነት ሥር ማስገባት ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሁለት ዓመት ያከማቸው ደረጃና አልባሳት በአሮጌው አካውንት ይቀራሉና። እኛም አልተሳለቅንበትም፤ ለትልቅ ሰው ኢምንት የሚመስል ነገር ለልጅ ንብረቱ ነው።

አባትየው ግን ገና መሸጥን አልተዉም ነበር። በመጨረሻ የተናገሩት እናትየው ናቸው። «በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ፣ ልጄ በስልክ የሚለኝ ‹ደህና ነኝ፣ ብሩ ደረሰ?› ብቻ ነበር። ያኔ ደህንነቱን እንጂ ልጄን አላገኘሁትም። ከወንድሙ ጋር ሲጫወት ግን ሲስቅ ሰማሁት» አሉ። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው በሩን ዝጉልኝ» አሉ።

ስለዚህ ተስማሙ። መሣሪያው ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ገባ። የጨዋታው ድምፅ መስመር ተዘጋ፤ ወሬው በፓርቲ ብቻ ሆነ። የሪያድና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነና ዓርብ ለወንድምየው የእረፍት ቀን፣ ቅዳሜ ደግሞ ለልጁ ትምህርት የሌለበት በመሆኑ ቀጠሮው ዓርብ ከዒሻእ በኋላ ሆነ። አዲስ ጓደኛ ሊጨመር ሲል ወንድምየው ማንነቱን ይጠይቃል።

ውድ ወላጆች፣ መሣሪያውን መሸጥ ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ነገ በጎረቤት ስልክ ያንኑ ድምፅ ያገኘዋል። ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠይቁ፤ ማዳመጫውንም አንዳንዴ ነቅሎ እንዲያሰማችሁ አድርጉ። እናንተ ወጣቶችም፣ በጨዋታ የተናገራችሁት ሁሉ ንግግር ነው። ስማችሁ ባይታወቅም የምትናገሩትን የሚሰማ አላህ ያውቃችኋል። የሚሳደብ ሰው ሲገጥማችሁ መልስ አትስጡ፤ ዝጉት፣ ክሰሱት፣ ለቤተሰብ ንገሩ። ስማችሁን፣ ትምህርት ቤታችሁንና ፎቶግራፋችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ባለፈው ዓርብ በዚያ ቤት ደጃፍ ስናልፍ በመስኮት የወጣውን ድምፅ ሰማን። እናትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው፣ «ማነው?» ይላሉ። ከሪያድም በሳቅ የታጀበ ሰላምታና ሙሉ ስም ከነአባቱ መጣ።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።