አንድ ቅጠል ወረቀትና የአርቢ ሕግ

ሒሳብ የከበደው ተማሪ ሁሉ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለው፤ «ይህ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። የአርቢ ሕግ በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ዕለት ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። መሠረታቸው አንድ የሆኑ ቁጥሮች ሲባዙ አርቢዎቻቸው ይደመራሉ፤ ሲካፈሉ ይቀናነሳሉ። ተማሪው ይህን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን ይረሳዋል። ነገር ግን ሕጉን የጻፈበት ወረቀት ራሱ በዚሁ ሕግ የተቈረጠ ነው።

አሳቡ የቈየ ነው። ሊኽተንበርግ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1786 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጻፈው ደብዳቤ፥ ለሁለት ቢታጠፍ መልኩን የማይለውጥ ወረቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም አመልክቶ ነበር። በ1922 ደግሞ ዋልተር ፖርስትማን ያዘጋጀው ልክ በጀርመን አገር ደንብ ሆነ። ዛሬ ኤ4 የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ ካልኩሌተሩን ወደ መሳቢያ መልሱና እርሳስ ያዙ።

የወረቀቱ አጭር ጎን 1፥ ረጅሙ «ቀ» ይሁን። ለሁለት ሲታጠፍ ረጅሙ ጎን 1፥ አጭሩ የ«ቀ» ግማሽ ይሆናል። መልኩ እንዳይለወጥ «ቀ» ለ1 ሲካፈልና 1 ለ«ቀ» ግማሽ ሲካፈል ውጤቱ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ «ቀ» በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናል፤ «ቀ»ም የ2 ዳግም ዘር፥ ማለት 2 በአርቢ ½ ነው።

የትልቁ ወረቀት፥ የኤ0 ስፋት 1 ካሬ ሜትር ነው። አራት ጊዜ ለሁለት ቢታጠፍ ኤ4 ይሆናል፤ ስፋቱም 2 በአርቢ -4፥ ማለት የካሬ ሜትር 1/16ኛ ነው። ይህ ስፋት አጭሩ ጎን በራሱ ተባዝቶ እንደ ገና በ2 አርቢ ½ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ½ን ከ-4 ብንቀንስ የአጭሩ ጎን ዳግም ርቢ 2 በአርቢ -4½ ሆነ። ዳግም ዘር ማውጣት አርቢውን ለሁለት ማካፈል ስለ ሆነ፥ አጭሩ ጎን 2 በአርቢ -2¼ ሜትር ነው። ረጅሙን ለማግኘት ½ ብንጨምርበት -1¾ ይሆናል።

-1¾ ማለት -2 ሲደመር ¼ ነው። 2 በአርቢ -2 ሩብ ነው። 2 በአርቢ ¼ የዳግም ዘር ዳግም ዘር ነው፤ የ2 ዳግም ዘር 1.414፥ የዚህም ዳግም ዘር 1.189 ያህል ነው። 1.189 ለ4 ሲካፈል 0.297 ሜትር፤ ይህም ለ1.414 ሲካፈል 0.21 ሜትር። አሁን ማስመሪያ አምጡና ወረቀቱን ለኩት፤ 29.7 በ21 ሳንቲ ሜትር ታገኛላችሁ።

ይህ ለፈተና ብቻ የሚሆን አይደለም። በመጠቅለያው ላይ «80 ግራም» የሚል ጽሑፍ ብታዩ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል ኤ4 80 ለ16 ተካፍሎ 5 ግራም፥ 500 ቅጠል የያዘው አንድ ደስጣ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ዕቃ የሚረከብ ሠራተኛ ሚዛኑ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢያሳየው፥ ወይ ቅጠሉ ጐድሏል፥ ወይ ወረቀቱ ከተጻፈው የሳሳ ነው። ሳይፈርም ለመጠየቅ ይህን ያህል ሒሳብ ይበቃዋል።

ፎቶ ኮፒ የሚያነሣም ሰው ኤ4ን ወደ ኤ3 ሲያሳድግ 200 በመቶ ቢያዝ ሥዕሉ ከወረቀቱ ይተርፋል፤ ጎኑ በ2 ሲባዛ ስፋቱ በ4 ይባዛልና። ትክክለኛው 141 በመቶ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

መሣሪያ መጠቀም ነውር አይደለም። ነገር ግን መሣሪያው የሰጠውን መልስ መመርመር የማይችል ሰው ጌታው ሳይሆን ሎሌው ነው።

ለሳምንት የሚሆን ጥያቄ፦ ከአንድ ኤ2 ወረቀት ስንት ኤ7 ይወጣል? መልሱን ያለ መቀስና ያለ ካልኩሌተር፥ በመቀነስ ብቻ አግኙት።