ሮቦቱ ይቆየን፣ አቼቶው ይቅደም

ሰሞኑን ቀሐ ዳር ቡና ይዘን ስንጫወት አንድ ወዳጃችን በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። ሐኪሙ ጥግ ላይ ተቀምጦ መቆጣጠሪያ ይነካካል፣ «ዳ ቪንቺ» የተባለው ሮቦት ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ የካንሰር ታማሚዋን ማህጸን ይቆርጣል። «ጎንደርስ ይሄ መቼ ይኖራታል?» አለ። የተሰበሰበው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኛ አልነቀነቅንም። ስልጣኔ ጠልተን አይደለም፤ ጥያቄው ከጅራቱ ስለተጀመረ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሁለት በሽታ እንለይ። አንዱ የማህጸን ግድግዳ ካንሰር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም በማፍሰስ ራሱን ይገልጣል። ለዚህ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ይበጃል፤ ሴትየዋ ቶሎ ታገግማለች። ለዚያም ቢሆን ሮቦት የግድ አይደለም፣ በሰለጠነ እጅ የተያዘ ላፓሮስኮፒ ይበቃል። በዚህ አንጣላም።

ሌላው የማህጸን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ታዲያ እዚህ ላይ ሮቦቱ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት 631 ሴቶችን በሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ ሆዳቸው ተከፍቶ፣ ግማሾቹ በትንንሽ ቀዳዳ (አብዛኞቹ በላፓሮስኮፒ፣ ጥቂቶቹ በሮቦት) ታከሙ። ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ከበሽታው ነፃ ሆነው የቆዩት በመጀመሪያው ወገን 96.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 86 በመቶ ሆኑ። የተናቀው አሮጌ መንገድ በለጠ!

ለእኛ እናቶች ግን ክርክሩ እዚያ እንኳን አይደርስም። ከወገራ ወይም ከደምቢያ የምትመጣ እናት «የሴት ነገር ነው» ብላ፣ አፍራ፣ ወራት ታግሣ ነው የምትመጣው። በሽታው ከማህጸን በር አልፎ ከተሰራጨ በኋላ ቢላውም ሮቦቱም ሥራ ፈት ናቸው፤ የሚያስፈልጋት ጨረርና ኬሞቴራፒ ነው። ጨረር ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ደግሞ አለ። ነርሷ የአቼቶ ዘመድ የሆነ ቀጭን አሴቲክ አሲድ የማህጸን በሩን ትቀባለች፤ ከደቂቃ በኋላ ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ይነጣል። በዓይኗ ታያለች። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ታክማለች፤ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ይቀራል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች እናት ሁሉ ይህ ይገባታል፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ከዚያም ቀድማ። ለልጆቿ ደግሞ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የኤችፒቪ ክትባት አለ።

ጎንደር ይህን መንገድ ከማንም አትማርም። የጤና ኮሌጇ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ያሰለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር፤ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወርዱ። ያ ኮሌጅ በሽተኛ እስኪመጣለት አልጠበቀም።

«ሁለቱም ቢሆንስ?» ትሉናላችሁ። ቢሆን በወደድን፤ ግን ኪሱ አንድ ነው። ሮቦቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፣ መሣሪያዎቹም ጥቂት ጊዜ አገልግለው ይጣላሉ፤ በየጊዜው በዶላር ይተካሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ክትባትና ምርመራ በየጤና ጣቢያው፣ ፓቶሎጂና ጨረር በቅርብ፣ በእጁ የሚተማመን ቀዶ ሐኪም፣ ከዚያ ላፓሮስኮፒ። ሮቦቱ ወረፋውን ይጠብቅ።

ያን ወዳጃችንን አንድ ነገር ጠየቅነው፦ «እናትህ ተመርምረዋል?» ዝም አለ። እናንተስ?