የሙያ ኮሌጅ የወደቀ ሰው መጠለያ አይደለም

«ፈተናው ካልሆነልኝ ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ» የሚለው አነጋገር በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ከተማሪዎች አንደበት የሚሰማ ነው። ተናጋሪው ኮሌጅ የመረጠ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ምርጫውን ለውጤት ወረቀት አሳልፎ መስጠቱ ነው። በእኔ አስተያየት ለሙያ ኮሌጅ ማመልከት ከወዲሁ፣ በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ሳላችሁ፣ ልታስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ተመልከቱ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሌላ ዕድል ቢያገኙም፣ የሚበዙት በአጭር ጊዜ ውስጥ አዲስ መንገድ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። አስቀድሞ ያላሰበ ተማሪ በዚያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ጓደኛው በተሰለፈበት ይሰለፋል፤ ቦታ በተረፈበት የሙያ ዘርፍ ይመዘገባል። ኤሌክትሪክ የሚወደው ልጅ ሒሳብ መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ያቋርጣል።

ሁለተኛው እንቅፋት ንቀት ነው። የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ስለዚህ ነበር። በ1930ዎቹ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትም ስሙን ያገኘው ከእጅ ሥራ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ስድቡ ቢቀር እንኳ ንቀቱ «መጨረሻ ላይ የሚገባበት» በሚል አነጋገር ዛሬም ይኖራል።

«ከኮሌጅ ተመርቀው ሥራ ያጡ አሉ» ብለው የሚከራከሩ ወላጆች ይኖራሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሊታበል አይገባም። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ያጡም አሉ። ስለዚህ ክርክሩ ኮሌጅን ለመሸሽ ሳይሆን ኮሌጁንና የሙያውን ዘርፍ መርምሮ ለመምረጥ ምክንያት ይሆናል።

ለመመርመር ደግሞ እናንተ የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ከሌላው የተሻለ ዕድል አላችሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ አካባቢው በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረትና በመለዋወጫ ፋብሪካዎቹ ስሙ የታወቀ ነው። በጎረቤታችሁ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በየመንገዱም የብየዳና የመኪና ጥገና ባለሙያ አይጠፋም። ሂዱና ጠይቁ፤ በየትኛው ሙያ ሠራተኛ ይፈለጋል? ሥራውስ ምን ያህል ያደክማል? ቀጥሎም እንደ ተግባረ ዕድ፣ እንደ ንፋስ ስልክ ወይም እንደ ጄኔራል ዊንጌት ካሉት ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ማሽኖቹ ይሠራሉ ወይ? ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ ወደ የትኛው ድርጅት ይላካሉ? ከሠልጣኞቹስ ስንቱ የሙያ ብቃት ምዘናውን ያልፋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ኮሌጅ ተመልከቱ።

ይህን ሁሉ ስል ዩኒቨርሲቲን ጥሉ ማለቴ አይደለም። የሕክምና ወይም የሕግ ዝንባሌ ያለው ተማሪ በርትቶ ይግፋ። ሙያ ኮሌጅን የሚመርጥም ቢሆን ሒሳብንና ቋንቋን ችላ ማለት የለበትም፤ መለካት የማይችል አናጢ፣ መመሪያ ማንበብ የማይችል መካኒክ የትም አይደርስም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የማመልከቻ ቅጹ በእጃችሁ በሚገባበት ቀን «የምትፈልገው የሙያ ዘርፍ» ከሚለው ፊት ለፊት የምትጽፉት ቃል የራሳችሁ ይሁን። ያን ቃል ለማግኘት ገና ጊዜ አላችሁ፤ ከዛሬ ጀምራችሁ ፈልጉት።