«ሥራ ፈት» ያልኳት ተማሪ

ይሄን ስጽፍ ከስታፍ ጓደኞቼ የሚቀየመኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይቀየመኝ። መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ባለፈው ሳምንት ፊዚክስ እያስተማርኩ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዴስክ ስር ሽቦ ላይ ዶቃ ስትደረድር ያዝኳት። ቀማኋትና «ሥራ ፈት!» ብዬ ክፍሉን አሳቅኩባት። ስታፍ ሩም ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንዱ «ጨሌ ደግሞ ትምህርት ቤት ገባ?» አለ። ሌላው «ይቺማ አታልፍም፣ አምባሯን ትሥራ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከሰዓት መጥታ «ቲቸር፣ ዶቃው ይቅር፤ ፒንሳውን ብቻ ይስጡኝ፣ የሰው ነው» አለችኝ። ሰጠኋት።

ማታ ግን ነገሩ አላስተኛ አለኝ። የጎረቤት ፒንሳ ተውሼ የጀመረችውን አምባር ልጨርስላት ተቀመጥኩ። የቀረው የሽቦውን ጫፍ ጠምዝዞ ቀለበት ማድረግ ብቻ ነው። ጠመዘዝኩት፣ ተንጋደደ። ፈታሁት፣ ደግሜ ጠመዘዝኩት። ሦስተኛው ላይ ቀጭ አለና ዶቃው ወለሉን ሞላው። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ ይደርቅና ይሰበራል ብዬ የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ! እሷ አንዴ ብቻ ነው የምታጥፈው። የእጅ አንጓ ትለካለች፣ ለመቆለፊያው ትርፍ ትተዋለች፣ ጫፉ ቆዳ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ትቀለብሰዋለች። ይሄ ሥራ ፈትነት ከሆነ ሥራ ምንድነው?

በክፍል ሰዓት መሥራቷ ልክ ነው አላልኩም። ግን «አታልፍም» ብለን የምንስቀው በማን ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የቀሩት ልጆች የኛው ተማሪዎች አይደሉም? ለነሱ ምን የእጅ ሙያ ሰጠናቸው? ራሷ ተምራ የመጣችውንም ቀማናት።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን ዛሬም ስታፍ ሩማችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

ገዢዎችም አትሳቁብን። የፋብሪካ ፕላስቲክ አምባር ከቡቲክ በተጻፈበት ዋጋ ትገዛላችሁ። ልጅቷ በእጇ የሠራችው ላይ ሲደርስ «ሽቦና ዶቃ ነው እኮ፣ ቀንሺ!» ትላላችሁ። የምትከፍሉት ለሽቦው ሳይሆን ለቀኗ ነው። ካልፈለጋችሁ አትግዙ፣ ግን ሥራዋን አታራክሱባት።

ሰኞ ዕለት ዶቃውን ለቅሜ፣ የሰበርኩትን ሽቦ ተክቼ፣ በሳቅንባት ክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ተቀበለችኝና ዶቃውን ቆጠረች። «ቲቸር፣ ሁለት ይጎድላል» አለች። እውነቷን ነው፣ አልጋ ስር ገብቶ ነበር።

መምህራን፣ መሳቢያችሁ ውስጥ የልጅ የእጅ ሥራ ካለ ነገ መልሱ። ቆጥራችሁ።